የእትየ ሐዋ የዶሮ እርሻ

ስልኬ ሲጮህ ሐይቅ ከተማ፣ ሚኒባስ መቆሚያው አጠገብ ለሦስት ሰዎች ስለ ውሃ ፓምፕ እያስረዳሁ ነበር። የቀጠሩት መካኒክ ሁለት ቀን ለፍቶ ያላገኘውን ብልሽት እኔ ድምፁን ሰምቼ ብቻ ስለለየሁላቸው በጥሞና ያዳምጡኛል። የደወለችው ከውጫሌ፣ የእትየ ሐዋ ልጅ ዘይነባ ናት። እናቷ ጎህ ሲቀድ ማረፏን ነገረችኝ። ኢና ሊላሂ አልሁ። 

«ለሰይዶ ንገሩት ብላን ነበር» አለችኝ።

«ሌላስ ምን አለች?»

«ሌላ ምንም። ንገሩት ብቻ ነው ያለችው።»

ፓምፑን ትቼ ወደ ውጫሌ የሚሄድ መኪና ላይ ወጣሁ። ስደርስ ቀብሩ አልቆ ሰው ወደ ቤት እየተመለሰ ነበር። ብቻዬን ሄጄ መቃብሩ ላይ ቆምሁ። የተቆፈረው አፈር የነጣ፣ ጠጠር የበዛበት ነው። እጄን ዘርግቼ ዱዓ ባደርግም ልቤ አፈሩ ላይ ነበር፤ እሷ ብታየው ምን ትል ነበር እያልሁ አስባለሁ።

ከዚያ ቀን ወዲህ ያቺ «ንገሩት» የምትል ቃል አልለቀቀችኝም። ሊሞት የተቃረበ ሰው ለእገሌ ንገሩት ሲል ወይ ይቅር ብሎታል፣ ወይ በላዩ ላይ አንድ ነገር ትቶበት መሄዱ ነው። እኔ ብዙ የተቆላለፈ ነገር የፈታሁ ሰው ነኝ። ይህን ግን እስከ ዛሬ አልፈታሁትም።

እትየ ሐዋ የገጠመችው ማንን እንደሆነ እንዲታወቅ ስለ ራሴ ጥቂት ልበል። የትምህርት ቤት ደጃፍ ረግጬ አላውቅም። ፊደል የለየሁት ከሱቅ ሰሌዳና ከማዳበሪያ ከረጢት ላይ ነው፤ አስተማሪዬ ይህ ነው ብዬ የምጠራው ሰው የለኝም። ከዚያ በኋላ እጄ የገባውን ሁሉ አነበብሁ፤ የወፍጮ ሞተር መመሪያ፣ የመሬት ደንብ፣ ግብርና የሚበትነውን ወረቀት ሁሉ። ሰዎች መጀመሪያ ለማላገጥ «ኢንጂነሩ» አሉኝ። የቆመው ወፍጮ በእጄ ሲነሣ ማላገጡ ቀረና ስሙ ጸና። በቀበሌያችን ዩሪያ መጀመሪያ የበተንሁ እኔ ነኝ። ከሐይቁ በላይ ወደ አምባሰል በሚያወጣው ዳገት ላይ እንደኔ ቀጥ ያለ ትልም የሚያወጣ አራሽ አልነበረም፣ ዛሬም የለም። የጤፍ ማሳዬን አምስት ጊዜ፣ ሲሻኝ ስድስት ጊዜ አርሰው ነበር። አፈሩ እንደ ዱቄት ሲልም በባዶ እግሬ ገብቼ እቆምበትና መንገደኛ እስኪያየኝ እጠብቃለሁ።

እትየ ሐዋ ከኔ አምስት ስድስት ዓመት ትበልጣለች። ረጅም፣ ከሲታ፣ ትከሻዋ የሰፋ ሴት ነበረች። ብዙ አትናገርም፤ ስትናገርም ድምፅዋን ከፍ አታደርግም። በታረሰ ማሳ ዳር ስታልፍ ግን ቆም ትልና ባለማሳውን «ዛሬስ ማንን ገለጣችሁት?» ትለዋለች፤ የተኛ ሰው ብርድ ልብስ እንደገፈፈ አድርጋ። አንዳንዱ ይስቃል። አንዳንዱ ደግሞ የቀኑን ሥራ ያከሸፈችበት ይመስል ቢስሚላሂ ብሎ ፊቱን ያዞራል።

ወደዚህ ነገር ያስገባት ችግር ነው። ባሏ ሲሞት ከሁለቱ በሬዎች አንዱ ለሰደቃው ታረደ፤ ሌላው ብቻውን ምን ያደርጋል ተብሎ ተሸጠ። በእኛ አገር ሴት እርፍ አትጨብጥም። ባል የሞተባት ሴት መሬቷን ምርቱን ለሚካፈላት እኩል አራሽ ትሰጣለች፤ አራሹም መጀመሪያ የራሱን፣ ቀጥሎ የወንድሙን ያርስና ወደ እሷ የሚመጣው ዝናቡ ሊወጣ ሲል ነው። ሁለት ዓመት እንዲህ ሆነባት። በሦስተኛው ዓመት አራሿን ጠርታ ከእንግዲህ የሰው በሬ እንደማትጠብቅ ነገረችው። እንዴት ልታበቅይ ነው ሲላት በዶማ አለችው። ሰውየው ሲስቅ እንደዋለ ራሱ አጫውቶኛል።

እውነትም በዶማ ጀመረች። ማሳውን ሳታርስ፣ የዓምናው የማሽላ አገዳ እንደተጋደመ ትተወዋለች። በአገዳው መካከል በእርምጃ እየለካች ትንንሽ ጉድጓድ ትምሳለች። እያንዳንዱ ጉድጓድ ውስጥ እፍኝ ፍግ፣ በሦስት ጣት የተቆነጠረ ማዳበሪያ፣ ከዚያ ማሽላ ትጨምራለች፤ በማሽላው መካከል ባቄላ ወይም ሽምብራ ጣል ታደርጋለች። ጤፍ እንዲህ አይዘራምና ጤፍ ቀረባት። ከሩቅ ለሚያይ ማሳው የተጣለ ቦታ ነው የሚመስለው። ዶሮ የጫረችው ይመስላል አሉና የዶሮ እርሻ የሚል ስም አወጡለት። ስሙን ያወጣሁት እኔ ነኝ የሚሉ ሦስት ሰዎች አውቃለሁ። እውነተኛው ባለቤት ግን እኔ ነኝ።

በስሙ አልተቀየመችኝም። «ዶሮም ጭራ ትበላለች፣ ሰይዶ» አለችኝና አለፈች።

ጠብ ያመጣባት እሾኩ ነው። በእኛ ዘንድ እህል ከተሰበሰበ በኋላ ማሳ የሁሉም ነው። የኔ በሬ ያንተን ቃርሚያ ሲግጥ ብታገኘው እንዴት ዋልህ ብለኸኝ ታልፋለህ፤ ነገ ያንተ በሬ ከኔ ማሳ ይገባል። አባቶቻችን እንዲህ ሲኖሩ ኖረዋል። እትየ ሐዋ ግን ማሳዋን ዙሪያውን በእሾህ አጠረች፤ አገዳውና ገለባው ለመሬቱ ነው ብላ። ይህን በሰማ ጊዜ ከብት ያለው ሁሉ ተቆጣ። አንድ ጎረቤቷ ላሙን እየነዳ ወደ አጥሩ ሄደ። እኔም ነገሩን ለማየት ተከተልሁት።

«ለከብት ጭራሮ የሚነፍግ ሰው ከማን ተወልዶ ነው?» አላት።

«ላምህ በልታ ስታበቃ ኩበቱን የት ትጥለዋለች?» አለችው።

«ደጄ ላይ ነዋ።»

«ኩበቱስ ወዴት ይገባል?»

«ወዴት ሊገባ ነው፣ ምድጃ ውስጥ ነዋ።»

«እንግዲህ የኔን መሬት ምድጃህ ውስጥ ልትከት ነው የመጣኸው» አለችው።

ሰውየው መልስ ፈልጎ ወደ እኔ ዞረ። እኔም ጎንበስ ብዬ እሾኩን መመርመር ጀመርሁ። ላሙን ይዞ ተመለሰ፤ ነገር ግን ያቺን ቃል በየደረሰበት እየነገረ ሰው ሰበሰበባት። ሠርግ ቤት እሷ ስትገባ ጨዋታው የሚቋረጥ ሆነ። አንድ ጊዜ ለዱዓ በተሰበሰብንበት ቤት ከጎኗ የተቀመጡት ሴቶች አንድ በአንድ ሲነሡ አይቻለሁ። እሷም አየች። ሻሿን አስተካክላ እስከ ዱዓው መጨረሻ ብቻዋን ተቀመጠች።

ይባስ ብሎ ዝናቡ ነሐሴ አጋማሽ ላይ የቆመበት ዓመት መጣ። የሁላችንም ጤፍ ሳያፈራ ነደደ። የኔ ራሱ፣ ስድስት ጊዜ ያረስሁት፣ እንደ ገለባ ነጣ። ከዳገቱ ላይ ቁልቁል ሲታይ በዚያ ሁሉ በነጣ መሬት መካከል አንድ አረንጓዴ ቁራጭ ብቻ ነበረ፤ የዶሮ እርሻው። ሰው በዚህ የሚደሰት ይመስላችሁ ይሆናል። ሰው ፈራ። በአንድ ዝናብና በአንድ ፀሐይ የእሷ ለምን ብቻውን ይለመልማል ተባለ። አንዳንዱ ድምፁን ዝቅ አድርጎ መስተፋቅር አስቀብራበት ነው አለ፤ መስተፋቅር ለማሽላ ምን እንደሚሠራ የጠየቀ አልነበረም።

እኔ በወሬ የምፈርድ ሰው አይደለሁም። ለማንም ሳልነግር ሞከርሁት። ከማሳዬ አንዱን ጥግ ሳላርስ ተውሁትና በዶማ እየማስሁ ዘራሁበት። አጥር ግን አላጠርሁም፤ የጎረቤት ከብት ልከለክል እንዴ። ከብቶቹ ቃርሚያውን ሙልጭ አድርገው በሉት፣ ረገጡትም። በሚቀጥለው ክረምት ያ ጥግ እንደ አውድማ ደድሮ ዶማውን አነጠረው። የበቀለውም የሚረባ አልነበረም። በዚህ ጊዜ ፍርዴን ሰጠሁ፤ የሐዋ ነገር ሐሰት ነው አልሁ። ግማሹን ብቻ እንደሞከርሁ፣ ያ የቀረው ግማሽም ዋናው እንደነበር ያን ጊዜ አላየሁም።

በእንደዚህ ያለ ልብ ላይ ሳለሁ ነው የእሷ ጉዳይ ወደ መሬት ኮሚቴው የመጣው። ማንበብና መጻፍ ስለምችል የኮሚቴው ጸሐፊ እኔ ነበርሁ። ደንቡ መሬቱን ጦም ያሳደረ ሰው መሬቱ ይወሰድበታል ይላል። ቀበሌው ውስጥ መሬት የሚጠብቁ አዲስ ጎጆ የወጡ ልጆች ነበሩ፤ ከዝርዝሩ ራስ ላይ ያለው ይመር ነው። ምስኪን፣ ጉልበታም ልጅ ነው፤ ሚስቱ እርጉዝ ነበረች። አመልካቾቹ፣ እነዚያ ከብት ያላቸው ጎረቤቶቿ፣ የሐዋ መሬት ሰባት ዓመት ሙሉ ማረሻ አልነካውም አሉ። ይህ እውነት ነው። ማረሻ ያልነካው መሬት ጦም ያደረ ነው አሉ። ይህም ለሁላችንም እውነት መሰለን፤ መሬት መሥራት ማለት ማረስ ነው ብለን ነው ያደግነው።

በስብሰባው ቀን እትየ ሐዋ ከሻይ ቤት የተዋሰቻቸውን ሁለት ብርጭቆዎችና በሻሿ ጫፍ የቋጠረችውን ሁለት ጓል አፈር ይዛ መጣች። ብርጭቆዎቹን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጣ ውሃ ሞላቻቸው።

«ይኸ የኔ ማሳ ነው» አለችና አንዱን ጓል ከተተች። «ይኸ ደግሞ የሰይዶ።»

የኔ ጓል ገና ውሃውን ሲነካ መፍረስ ጀመረ። ዓይናችን እያየ ፈሰሰና ብርጭቆው ደፈረሰ። የእሷ ከሥር ተቀመጠ፤ ውሃው እንደጠራ ቀረ።  ሊቀመንበሩ ወደ እኔ ዞረ፤ ሌሎቹም ዞሩ። ማብራሪያ ሲፈለግ ወደ ማን እንደሚዞር በዚያ ቤት የታወቀ ነው።

እኔም ተነሥቼ አብራራሁ። የሐዋ አፈር ውሃ እምቢ ያለ አፈር ነው፣ የኔ ግን ወዲያው ጠጣ፣ ውሃ የማይጠጣ አፈር ምን ሊያበቅል ይችላል አልኋቸው። በደንብ ነው የተናገርሁት። ሰዎቹ እፎይ ብለው ሳቁ፤ የሚያስጨንቅ ነገር ከላያቸው እንደተነሣ ዓይነት ሳቅ ነበር።

እሷ አልሳቀችም፣ አልተቆጣችምም። ቀና ብላ አየችኝ።

«ሰይዶ፣ ይህን የምትለው አውቀህ ነው?»

«አውቄ ነው» አልኋት።

«አላህ አላወቀም ነበር ብሎ ይጻፍልህ» አለችኝ።

ጓሏን ከብርጭቆው አውጥታ በእጇ እንደያዘች ወጣች። ቃለ ጉባኤውን እኔ ጻፍሁት። የእጅ ጽሑፌ ያማረ ነው፤ ወረዳ ድረስ የሄደ ጽሑፍ ነው። መሬቱ ለይመር ተሰጠ።

ይመር እሾኩን ነቅሎ አቃጠለው። አገዳውን ለከብት ሰጠ። በሁለት ጥማድ በሬ አምስት ጊዜ አረሰው፤ ሰው በደቦ አገዘው። ዝናቡ እንዳይተኛበት ውሃ ማውረጃ ቦይ ያስፈልገው ነበርና ፈሰሱን የቀየስሁለት እኔ ነኝ፤ በላስቲክ ቱቦ ውሃ እየለካሁ፣ ከላይ እስከ ታች እንደ ገመድ የተወጠረ ፈሰስ አወጣሁለት። የዚያን ዓመት የይመር ጤፍ በሐይቅም በአምባሰልም የሚወዳደረው አልነበረም። ማዳበሪያ እንኳ ጥቂት ነው ያደረገበት። ከውጫሌ ድረስ ሰው እየመጣ ያየው ነበር፤ እኔም ዳር ቆሜ ምክንያቱን አስረዳለሁ። ማረሻ ያላየ መሬት ማረሻ ሲያይ እንዲህ ነው እላለሁ።

እትየ ሐዋ ዕቃዋን ሸክፋ ልጇ ዘንድ ወደ ውጫሌ የሄደችው በዚያው አጨዳ ሰሞን ነው። ባጃጁ በማሳው ጫፍ ሲያልፍ አስቆመችው። ወርዳ የታጨደውን ጤፍ አየች፤ ቀጥላ አፈሩን አየች። ይመር ሰላም ሊላት ሮጠ። በቀኝ እጇ ራሱን ዳሰሰችው፣ መረቀችው። ከዚያ ወደ እኔ ቀረብ አለች።

«ያስቀመጥሁትን ነው የበላችሁት» አለችኝ። «ብሉት። እኔም ለመበላት ነው ያስቀመጥሁት። በአንድ ጊዜ ግን አልነበረም።»

ቅናት ነው ብዬ አለፍሁት።

በሁለተኛው ዓመት ምርቱ ቀነሰ፤ የዝናቡ ነው አልን። በሦስተኛው ዓመት ይመር ዩሪያውን እጥፍ አደረገው፤ ጤፉ ቅጠሉ ጠቆረ፣ ቁመቱ ረዘመ፣ ከዚያ ተኛ። አፈሩ ቀለሙን ቀየረ። የዶሮ እርሻ ሳለ ጠቁሮ የእርጥብ ሥር ሽታ ያለው አፈር ነበር፤ አሁን ነጣ ብሎ ከዝናብ በኋላ ፊቱ ላይ እንደ ቆዳ ቅርፊት ያበጃል። ዝናቡ አይገባበትም፤ ቅርፊቱ ላይ ይንሸራተትና ወደዚያ ወደ ቀጥተኛው ፈሰሴ ይሮጣል። ፈሰሱ በመጀመሪያው ክረምት ጉልበት ይደርስ ነበር። በሦስተኛው ሰው ቆሞበት ራሱ ብቻ ይታያል። ከከባድ ዝናብ በኋላ ከዳገቱ ላይ ሆኜ ቁልቁል ሳይ ውሃው ሐይቁን የሚቀላቀልበት ቦታ ሻይ የተደፋበት ይመስል ነበር።

በዚያ ዓመት አፈር የምትመረምር አንዲት ባለሙያ መጣች። ከየማሳው እየቆፈረች በፌስታል ትቋጥራለች። ከይመር ማሳ መካከል ቆፍራ ያወጣችው ነጭ ነው። የድሮው እሾህ የነበረበት፣ ማረሻ ያልደረሰበት ጠርዝ ላይ፣ ከታረሰው አንድ ክንድ ያህል ርቃ ስትቆፍር ጥቁር ወጣ። ሁለቱን ጎን ለጎን አስቀምጣ ይህ ጠርዝ የማን ነበር ብላ ጠየቀችን። ሰዎቹ ዓይናቸውን ወደ ሐይቁ መለሱ። እኔ ብቻ የያዘችውን መጽሐፍ እንድታውሰኝ ጠየቅኋት። በዚያ ቀበሌ ይህን የሚጠይቅ ሌላ ሰው የለም። አራት ጊዜ አነበብሁት፣ ገባኝም።

ነገሩ እንዲህ ነው። ተክል ካርቦን የሚባለውን ከአየር ወስዶ አካሉን ይሠራበታል። ሥሩና ገለባው መሬት ውስጥ ሲበሰብስ ያ ካርቦን አፈሩ ውስጥ ይቀመጣል፤ አፈሩን የሚያጠቁረው፣ እንደ ሙጫ የሚያያይዘው፣ ውሃ የሚያስይዘው እሱ ነው። አፈሩ በማረሻ በተገለበጠ ቁጥር አየር ይገባል፣ በዓይን የማይታዩት የአፈር ነፍሳት ይነሡና የተቀመጠውን ይበሉታል፤ ካርቦኑም ወደ መጣበት ወደ አየር ይሄዳል። ሲበሉት ለተክሉ ምግብ ስለሚለቁ በመጀመሪያው ዓመት ምርቱ ያስደንቃል። ከማቃጠል የሚለየው ጭስ የሌለው መሆኑ ነው። ማዳበሪያው ጠላት አይደለም፤ ፍግና ገለባ ካልተመለሰለት ግን ብቻውን የጎደለውን አይሞላም። አለማረስም ብቻውን አይበቃም፤ የኔ ጥግ ምስክር ነው። አንዱ ከሌላው ጋር ሲሆን ነው፤ ፍጉም፣ ቁንጥሩም፣ ገለባውም፣ እሾኩም። እትየ ሐዋ አንድ ፊደል ሳታውቅ ይህን ሁሉ በእጇ ይዛው ነበር። ውሃ ውስጥ ያልፈረሰው ጓሏም ውሃ እምቢ ያለ አልነበረም። ውሃውን ጠጥቶ ራሱን የያዘ ነበር።

ያወቀ ሰው ብዙ ነው፤ ሐሳቡን የሚለውጥ ግን ጥቂት ነው፤ እኔ ከጥቂቶቹ ነኝ። ኮሚቴውን ሰበሰብሁና ቀድሞ የጻፍሁትን ስሕተት ነው አልኋቸው። አንድ ዓመት ፈጀብኝ እንጂ አሳመንኋቸው። ይመርም መሬቱ ስለማያበላው ሌላ ማሳ በእኩል ለማረስ ተስማማ። ባለፈው ጥር መሬቱ ለሐዋ እንዲመለስ የሚለውን ወረቀት በኪሴ ይዤ ወደ ውጫሌ ሄድሁ።

ግቢው ውስጥ ጀርባዋን ለፀሐይ ሰጥታ ተቀምጣ አገኘኋት። ከስታለች፤ ትከሻዋ ብቻ እንዳለ ነው። አጠገቧ በአሮጌ ጆንያ በተሞላ አፈር ጎመን በቅሏል። ወረቀቱን አወጣሁና አነበብሁላት። አላቋረጠችኝም። ስጨርስ መጠየቅ ጀመረች። ስንት ጊዜ ታረሰ አለችኝ፤ ነገርኋት። ጭዱ ወዴት ሄደ አለች። ዝናብ ሲዘንብ ውሃው የት ይተኛል፣ በበጋ ይሰነጠቃል ወይ፣ የምድር ትል ይታያል ወይ፣ ፈሰሱ ስንት ክንድ ሆነ አለች። የታመመ ሰው ዘንድ የሄደ መልእክተኛ እንደሚጠየቅ ነው የጠየቀችኝ። ለእያንዳንዱ ስመልስ ጭንቅላቷን ትነቀንቃለች። ስለ ፈሰሱ ስነግራት መነቅነቋን አቆመች።

«ይኸ ወረቀት መልካም ነው» አለችኝ። «ጽሑፍህ ያምራል። መሬቴን ግን ከየት ነው የምታስረክቡኝ? ከውሃው ሥር ቀድታችሁ ነው?»

እንደሚድን፣ መጽሐፉም እንደዚያ እንደሚል ነገርኋት።

«ይድናል» አለች። «እኔ አልደርስበትም። እኔን ሰባት ዓመት ፈጅቶብኛል፣ ያኔ ጉልበት ነበረኝ፣ መሬቱም ቆዳው አልተገፈፈም ነበር። አሁን የሚጀምር ሰው ከኔ በታች ነው የሚጀምረው።»

«ታዲያ ከምን ይጀመር?»

ሳቀች። «አንተ ኢንጂነሩ ነህ፣ እኔን ትጠይቀኛለህ?» አለችና ሳቋ ወደ ሳል ተለወጠ። ሳሉ ሲለቃት እጄን ያዘች። «ከእሾኩ ጀምሩ። ከብቱን ካልከለከላችሁ ሌላውን ሁሉ አትድከሙበት። ሰው ይጠላችኋል። ይጥላችሁ።»

ወረቀቱን አልወሰደችውም። እኔም ግድ አላልኋትም። ስወጣ ዘይነባ እስከ በሩ ሸኘችኝ። እናቷ ስለዚያ ስብሰባ አንድም ቀን አንሥታ እንደማታውቅ ነገረችኝ። እንዲህ ከምትለኝ ስድብ ብትነግረኝ በወደድሁ። በግንቦት ያ ስልክ መጣ።

ቀብሩ ካለፈ ሦስት ሳምንት ሆነ። ዛሬ ጠዋት ወደ ይመር ማሳ ወረድሁ። እሷ ስላልተቀበለች መሬቱ እሱ እጅ ላይ ነው። በሬዎቹን እየጠመደ አገኘሁት። በእኩል ሊያርሰው የነበረው ማሳ ለሌላ ሰው መሰጠቱን ነገረኝ። እኔም የመጣሁበትን ነገርሁት፤ እንዳያርስ፣ እንዲያጥር፣ አገዳ እንዲያለብስ፣ ፍጉን እንዳያስነድድ። አጥሩን ሰው ቢቃወም ከፊት የምቆመው እኔ ነኝ አልሁት። አዳመጠኝ። ይመር ጨዋ ልጅ ነው፤ ሽማግሌ ሲናገር አያቋርጥም።

«ጋሼ፣ ስንት ዓመት ይፈጃል?» አለኝ።

«ሰባት። ምናልባት ዐሥር።»

«እስከዚያ ልጆቹን ምን ላብላቸው?»

ተቆጥቶ አልነበረም። መልስ ካለኝ ሊሰማ ነው የጠየቀኝ። በማሽላው መካከል ባቄላ ይዘራል፣ ከማሳው ግማሹን ብቻ በመተው መጀመር ይቻላል፣ ምግብ ለሥራ የሚሉት ነገር ቢመጣ ስምህን አስጽፍልሃለሁ እያልሁ ቀጠልሁ። ንግግሬን እየሰማ የቀንበሩን ጠፍር ፈተሸ፣ አጠበቀው። ለማሽላ ጊዜው እንዳለፈ ሁለታችንም እናውቅ ነበር። ስጨርስ አላህ ይስጥልኝ አለኝና ጅራፉን አነሣ።

ማረሻው ገባ። አፈሩ አልተገመሰም፤ እንደ አመድ ለቀቀ። አቧራው በትልሙ ላይ ተነሥቶ ቁልቁል ወደ ሐይቁ ሄደ። ከአምባሰል በኩል ሰማዩ ጠቁሮ የመጀመሪያው ነጎድጓድ ተሰማ። ይመር በሬዎቹን አቁሞ ቀና አለና ደመናውን አየ።

«አልሐምዱ ሊላህ» አለ። «ደረሰልን።»